በግራዋ በኩል

የሰደበችው የፒያኖ መምህሯ ናት። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎቿ የዓመቱን መዝጊያ ዝግጅት በሚያሳዩበት አዳራሽ ውስጥ። አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ ነበር፤ አንደኛው ቁልፍ ተበጥሶ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እሱ ያኔ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። የአባቱን ሱሪ ወገቡ ላይ አጥፎ በቀበቶ ጠፍሮ፣ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ ተራው እስኪደርስ መጋረጃው ሥር ቆሟል። ተራው ደረሰ። ወጣ፣ እጅ ነሣ፣ ተቀመጠ፣ ጀመረ። መሃል ላይ አንዲት ጣቱ አዳለጠችው፤ ሌሎቹም እሷን ተከትለው ሄዱ። መምህሯ ከፊት ወንበር ብድግ አለችና ወላጅ ሁሉ እየሰማ፣ «በቃ፣ በቃ፣ ተነሥ የኔ ልጅ» አለችው። «አንተ ለእህትህ ገጽ ግለጥላት። እግዜር ያንተን እጅ የሠራው ለወረቀቱ ነው፣ ለፒያኖው አይደለም።»

ሰው ሳቀ። ሰው ይሳቅ፤ ሰው ሲስቅ ኖሯል፣ ወደፊትም ይስቃል። ታናሽ እህቱ ግን ሳቀች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንደ ርግብ የምትስቀውን ሳቋን ሳቀች። ከዚያም እሷ ወንበሩ ላይ ወጣች፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ ገለጠላት፤ ጭብጨባው አዳራሹን ሊያፈርሰው ደረሰ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይህ ሰው ደግሞ ከተወጋም ሁሉ የባሰበት ነው። ማን መቼ ምን እንዳለው፣ ምን ለብሶ እንዳለው፣ ሲለው ፀሐይ ነበረ ወይስ ደመና፣ ሁሉንም በሆዱ ቋጥሮ ይዟል። ሚስቱ ይህን ነገሩን ስታነሣበት አትራራለትም።

«ሴትዮዋን ልጆቿ ከቀበሯት ስንት ዘመን ሆኗል» ትለዋለች። «አንተ ነህ እንጂ በየቀኑ ቆፍረህ የምታወጣት። እስቲ ትረፍ፤ ሬሳም ይደክመዋል።»

«አንቺን ብላሽ ቢሆን ነበር የማይሽ።»

«እኔንማ ስንቱ ብሎኛል። አንተን ያገባሁ ጊዜ እናቴ ያለችኝን ብነግርህ ማታ እራት አትበላም።»

ወንድምና እህት የተማሩበት ፒያኖ የነሱ አልነበረም። እንዲያውም የማንም አልነበረም። አባታቸው ፎቅ ላይ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ሲከራይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነው ያገኘው። ድሮ ደረጃው ሰፊ ሳለ ገብቶ፣ በኋላ የቤቱ ባለቤት ደረጃውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ዕቃ ማስቀመጫ ሲያደርገው መውጫ አጥቶ የቀረ ነው። ባለቤቱም «ብርድ ልብስ ደርድሩበት» ብሎ ተወው። እናታቸው ደረደረችበት። ልጆቹ ግን ብርድ ልብሱን መሬት አውርደው ክዳኑን ከፈቱ፤ ከዚያች ቀን ወዲያ በዚያ ቤት ሰላም የሚባል ነገር አልነበረም። ከታች ቤት የምትኖረው የፒያኖ መምህርት አንድ ቀን ደረጃውን እየቧጠጠች ወጥታ፣ «ወይ ላስተምራቸው ወይ ቤት ልቀይር» አለች። ቤት መቀየሩ ስለከበዳት አስተማረቻቸው።

መጀመሪያ ኖታ ማንበብ የቻለው እሱ ነው። ይህን ሁልጊዜ ይናገራል፤ እህቱም አትክድም። እሱ እያነበበ፣ እሷ የሱን እያየች፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቀው ተማሩ። መምህሯ ካመጣችላቸው ወረቀቶች መሃል ለአራት እጅ የተጻፈች አንዲት ሙዚቃ ነበረች። ሽፋኗ ተገንጥሎ ጠፍቷል፤ ማን እንደ ደረሳት፣ ምን እንደምትባል አይታወቅም። «ሽፋን የለሿ» አሏት። እሱ ከግራ፣ እሷ ከቀኝ። የምትጀምረው ከግራ ነበር፤ ወፍራሙ ድምፅ ብቻውን ዝግ እያለ እንደ ሰው እርምጃ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ከዚያ የእህቱ ቀጭን ድምፅ ከላይ ጠብ ይላል። እሱ መንገዱን ይጠርጋል፣ እሷ ትመጣለች። ክርኗ ጎኑን ይነካዋል። ጸጉሯ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሲጨርሱ ተያይተው ዝም ይላሉ፤ እናታቸው ከጓዳ «ጨረሳችሁ ወይስ ተጣላችሁ?» ትላለች።

ሰው በዕድሜው አንዴ ሙሉ ይሆናል ቢባል፣ እሱ ሙሉ የነበረው ያኔ ነው።

አባታቸው ደረቱን ታመመ። ከሁለቱ አንዱ ትምህርት ማቆም ነበረበት፤ ማን ያቁም ብሎ የጠየቀ እንኳ የለም፤ ያን ቅዳሜ በአዳራሹ ውስጥ የተነገረው በቂ ነበር። ልብስ ማጠቢያ ቤት ገባና በካውያ ተኳሽ ሆነ። መጀመሪያ ኮሌታ፣ ከዚያ እጅጌ፣ ከዚያ ጀርባ። እንፋሎቱ ቅንድቡን ያረጥበዋል፤ ካውያው የጣቶቹን ጫፍ አደንድኖ እንደ ቆዳ አደረጋቸው። እህቱን መምህሯ እጇን ይዛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስገባቻት። ከዚያም ሩቅ አገር የሚያስተምራት ተገኘ። ባቡር ጣቢያ ሊሸኛት ሄዶ ሻንጣዋን ሲያቀብላት በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ ስመለስ ሽፋን የለሿን ትልቁ አዳራሽ ውስጥ እንጫወታታለን። አንተ ከግራ፣ እኔ ከቀኝ» አለችው።

ልጅ ናት። የልጅ ቃል ይዞ የሚኖር ሞኝ ነው ይባላል። እሱ ይዞ ኖረ።

የእህቱን ሥራ ከልብስ ማጠቢያው ቤት ሆኖ ነው የተከታተለው። መጀመሪያ የገባችበት ውድድር ላይ በመጀመሪያው ዙር ጣሏት፤ ስልክ ደውላ አለቀሰች። እሱም የሰው ሸሚዝ በክንዱ እንደያዘ «አይዞሽ፣ ዳኞቹ ደንቆሮ ናቸው» አላት። በሌላው ሁለተኛ ወጣች። ሁለተኛ ደግሞ በዚያ ሥራ ከመጨረሻው እምብዛም አይሻልም፤ ለአንደኛው ነው መድረኩ። ዕድሏ የተከፈተው አንደኛ የወጣው ልጅ በትልቅ ኮንሰርት ዋዜማ ታሞ ሲተኛ ነው። «ይህን ሙዚቃ ታውቂዋለሽ?» ብለው ጠየቋት፤ ሳታውቀው «አዎ» አለች። ባቡር ላይ ተሳፍራ ሌሊቱን ሙሉ በጉልበቷ ላይ ጣቶቿን ስትመታ አደረች፤ በማግስቱ ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር ተጫወተችው። ከዚያ በኋላ ከተማ በከተማ ላይ፣ አዳራሽ በአዳራሽ ላይ ሆነ። ጥቁር ቀሚስ፣ አንድ ሻንጣ፣ ማንም ያልቃኘው ፒያኖ፣ የማታውቀው ሰው አበባ፣ ከዚያ ባዶ የሆቴል ክፍል። ባል አግብታ ነበር፤ ባልየው «ፒያኖ ነው ያገባሁት» ብሎ ሄደ።

እሱ ሥዕሏን ከጋዜጣ ቆርጦ ከካውያው ጠረጴዛ በላይ ለጠፈ። አለቃው አንድ ቀን ቆሞ አየውና፣ «እህትህ ናት? ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው። ያም ተቋጠረ።

አገር ቤት ለኮንሰርት ስትመጣ ሁልጊዜ ጥያቄውን በዓይኑ ይጠይቃታል። ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ። አንዴ ፕሮግራሙ ታትሟል። አንዴ ኦርኬስትራ አለ። አንዴ ደክሟታል። «በሚቀጥለው ጋሼ» ትላለች፤ ጉንጩን ስማ ትሄዳለች። ሽፋን የለሿን ማን እንደ ደረሳት ሩቅ አገር አጣርታ ማወቋን አንድ ጊዜ ልትነግረው ስትል፣ «አትንገሪኝ» ብሎ አስቆማት። «እኛ ያወጣንላት ስም ይበቃታል።»

ከዚያ ያ ነገር መጣ። ሃምሳውን ልትደፍን ስትል፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የተጫወተችው ሙዚቃ መሃል ላይ፣ ሙሉ አዳራሽ ፊት፣ ማስታወሷ ጥሏት ሄደ። እንዲያው እንደ መብራት ጠፋ። ወደ መጀመሪያው ተመለሰች፤ እዚያችው ቦታ ስትደርስ እንደገና ጠፋ። ተነሥታ እጅ ሳትነሣ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀት ሳይዘረጋላት ሰው ፊት ተጫውታ አታውቅም። ወረቀት ካለ ደግሞ የሚገልጥ ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ገላጭ ሽቶው አስነጠሳት፤ አንዱ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለጠባት፤ ሌላዋ አጠገቧ ቆማ በአፏ አብራ ታንጎራጉራለች። በመጨረሻ ደወለች።

«ጋሼ፣ አንተ ና። አጠገቤ ሰው ሲቆም እጄ ይንቀጠቀጣል። አንተ ግን ሰው አይደለህም።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶታል። ቢሆንም ቋጠረው። ፈቃድ ጠይቆ ሄደ።

መግለጥ ቀላል ይመስላል። ከተጫዋቿ በስተግራ ትንሽ ወደ ኋላ ብለህ ትቀመጣለህ። ቀለበት የለም፣ ሽቶ የለም፣ የሚጮህ ጫማ የለም። ገጹ ሊያልቅ ሲል ወንበር ሳታንቋቋ ትነሣለህ፤ ጥላህ ቁልፎቹ ላይ እንዳያርፍ በግራ እጅህ የላይኛዋን ጥግ ትይዝና ትጠብቃለህ። እህቱ በአፍንጫዋ አንዲት ትንፋሽ ትስባለች፣ አገጯን ሰበር ታደርጋለች፤ ያኔ ትገልጣለህ። ትቀመጣለህ። ይኸው ነው። ሲጨበጨብ አትነሣም። ፎቶ ሲነሣ ትቆረጣለህ፤ አንዴ ጋዜጣ ላይ የወጣው ሥዕል እሱን ሙሉ በሙሉ ቆርጦ እጁን ብቻ አስቀርቶት ነበር፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ እጅ። ሚስቱ ጋዜጣውን ይዛ ጎረቤት ለጎረቤት ዞረች፤ «ይቺ እጅ የባሌ ናት» እያለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። ልብስ ማጠቢያው ቤት ጡረታ አወጣው። እህቱ በደረሰችበት፣ ባቡርና አውቶቡስ በሚያደርሰው ሁሉ፣ ተከትሏት ገለጠ። ባይደርስ ደግሞ አንዲት የእህቱ ተማሪ ትገልጣለች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት፣ ራሷም ጥሩ ተጫዋች።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ እያሉኝ ነው። በቃኝ። የመጨረሻውን እዚያው ተወልጄ ባደግሁበት ልጫወትና ልዝጋው።»

«ጥሩ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው።»

«መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ሰዉ ድገሚ ሲል…» አለች። «ሽፋን የለሿን እንጫወታት። አንተ ከግራ።»

«ኧረ ተይ እባክሽ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ሰው ምን ይላል?» አለ በአፉ። በሆዱ ግን ሰማይ የረገጠ መስሎት ነበር። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግድግዳውን እያየ ብዙ ቆየ፤ ሚስቱ «ሰው ሞተ እንዴ?» ብላ ከጓዳ ወጣች። ሲነግራት መጀመሪያ አላመነችም። ስታምን ደግሞ ለእህቶቿ ሁሉ ደወለች።

እስከ ዛሬ በሚኖርበት በዚያው በአባቱ ፎቅ ቤት፣ ብርድ ልብሱ ከፒያኖው ላይ ወረደ። ጠዋት ይለማመዳል፣ ከሰዓት ይለማመዳል። የደነደኑት ጣቶቹ መጀመሪያ እንቢ አሉ፤ እንደ ግትር በቅሎ አንዴ ወደፊት ሁለቴ ወደ ኋላ። ቀስ በቀስ ግን መንገዱን አስታወሱት። ወረቀት አላስፈለገውም። ያቺ ሙዚቃ ከሥጋው ጋር ነበረች፤ ካውያ ሲገፋ የኖረው በሷ ምት ነው።

«የታች ቤቶቹ ምን አሉ መሰለህ?» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን፣ ደረጃው ላይ እንደቆመች። «‹እህቱ መጣች እንዴ› አሉኝ።»

ፊቱን ወደ ፒያኖው አዙሮ ነበር፤ ጆሮው ግን እስከ ጫፉ ቀልቶ አየችው። የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቹም ሰሙ። ከተኳሾቹ ሁለቱ ሊመጡ ቃል ገቡ። ልብሱን ለማንም አልሰጠም፤ ኮቱን ራሱ ተኮሰ፣ ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ፣ ሰቅሎ ዞር ብሎ አየና ሸሚዙን አውርዶ እንደገና ተኮሰው።

ልምምዱ በኮንሰርቱ ዋዜማ ነበር፣ ከምሳ በኋላ፣ በትልቁ አዳራሽ። አንድ ሠራተኛ መሰላል ላይ ወጥቶ መብራት ያስተካክላል። ተማሪዋ እቅፍ አበባ የሚያህል ወረቀት ታቅፋ መድረኩ ጥግ ቆማለች።

«እንደምን አሉ አባባ» አለችው።

«አባባ አትበይው» አለች እህቱ ከፒያኖው። «ይቀየማል። ጋሼ በይው። ና እስቲ ጋሼ፣ ተቀመጥ። ጠባብ ነው እንዴ? ወይስ እኛ ነን የሰፋነው?»

ተቀመጠ። ክርኗ ጎኑን ነካው። ጸጉሯ ሳስቷል፣ ነጭቷል፤ የሚሸተው ሌላ ነገር ነው፤ ክርኗ ግን ያው ክርን ነው። ወረቀቱ ፊታቸው ተዘርግቷል። «ስትፈልግ ጀምር» አለችው።

ጀመረ። ወፍራሙ ድምፅ ብቻውን ዝግ እያለ መጣ። ትልቁ አዳራሽ ድምፁን ተቀብሎ አክብሮ መለሰለት፤ ቤታቸው ያለው አሮጌ ፒያኖ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ጥሩ ነበር። እህቱ ሳታስበው ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ የሷ ድምፅ ከላይ ጠብ አለ፤ የሱም ዓይን በዕንባ ሞላ። የገጹ መጨረሻ ደረሰ። እህቱ በአፍንጫዋ አንዲት ትንፋሽ ሳበች፣ አገጯን ሰበር አደረገች።

ሳያውቀው ቆሟል። ግራ እጁ የላይኛዋን ጥግ ይዟል። ገጹ ምንም ድምፅ ሳያሰማ፣ እንከን ሳይወጣለት ተገለጠ። ከታች ግን ባዶ ነው። የእህቱ ድምፅ የሚረግጠው አጥቶ አየር ላይ ቀረ።

እህቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። መሰላሉ ላይ ያለው ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ። እሱም ከአንገቱ በላይ ሳቀላቸው።

«ልማድ ነው ጋሼ። እንደገና።»

እንደገና ጀመሩ። ጥርሱን ነክሶ፣ ‹አትነሣ፣ አትነሣ› እያለ መጣ። አገጯ ሰበር አለ፤ ተነሣ።

«ተማሪዬ ትግለጥልን። አንተ እሱን ለሷ ተወው፣ በቃ።»

ተማሪዋ መጥታ በግራው ቆመች። ትንፋሿ እንኳ አይሰማም። የገጹ መጨረሻ ሲደርስ የሱ እጅ ሽቅብ ወጥቶ ከሷ እጅ ጋር ተጋጨ፤ ወረቀቱ ተበትኖ ፔዳሎቹ ሥር ወረደ። «ይቅርታ አባ— ጋሼ» አለች ተማሪዋ ተንበርክካ እየለቀመች።

«ወንበሩ ነው እኮ የጠበባችሁ» አለ መሰላሉ ላይ ያለው።

«አንተ መብራትህን ያዝ» አለው እሱ።

ከዚያ ዞሮ እህቱን አያት። «ወረቀቱን አንሺው። እኔ አያስፈልገኝም። በልቤ ነው የማውቃት። ወረቀት ከሌለ አልነሣም።»

እህቱ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። «እኔ አልችልም።»

«ሽፋን የለሿን? በሕልምሽ ትጫወቻታለሽ እኮ።»

«እዚህ ማንም ሳይኖር እችላለሁ። ሰው ፊት ስሆን ትጠፋኛለች። የነገው ሰው ፊት ነው።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ያን ጊዜ መድረክ ላይ ምን እንደ ሆንሁ የነገርሁት ላንተ ብቻ ነው። ሰው ያየው ተነሥቼ ስወጣ ነው፤ ውስጤን ካንተ በቀር ማን ያውቃል?»

እንዲህ ሆነ እንግዲህ። እሷ ያለ ወረቀት መጫወት አትችልም፤ እሱ ወረቀት ፊት ቁጭ ማለት አይችልም። ወረቀቱን ወደ ቀኝ ገፍተው እሱ እንዳያየው አደረጉ። ዓይኑን ጨፍኖ ተጫወተ። ትንፋሿን ሰምቶ እጁ ተነሣ።

«አትተንፍሺ» አላት።

«ምን?»

«ገጹ ሲያልቅ አትተንፍሺ። አገጭሽንም አትስበሪ።»

ሞከረች። ላለመተንፈስ ስትጠነቀቅ ጣቷ ተሰናከለ፤ ከዚያ ሁለቱም ቆሙ። እህቱ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ይዛ አንጓዎቹን ታሸው ጀመር። ጠዋት ጠዋት የማይታዘዙት ጣቶች ከሰዓትም መታዘዝ እየተዉ ነበር፤ ነገ ደግሞ ከዚህች በፊት ሙሉ ፕሮግራም አለባት። አያት። አሮጊት ሆናለች። መቼ እንደሆነች አላየም፤ ሁልጊዜ ከጎን ነው የሚያያት፣ ያንንም ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ሆኖ።

«ጋሼ» አለች ቆይታ፣ ቁልፎቹን እያየች። «ነገ ከግራ ተማሪዬ ትጫወት። ታውቃታለች፣ አስተምሬያታለሁ። አንተ ግለጥልን። ለሰዉ እናገራለሁ፤ የወንድሜ ናት ብዬ እናገራለሁ። ካንተ በቀር ማን ይገልጥልኛል?»

«እሺ» አለ።

ዕድሜውን ሁሉ ያላት ቃል ይቺው ናት። አባቱ ሲታመም እሺ፣ ባቡር ጣቢያ እሺ፣ ‹በሚቀጥለው› ሲባል እሺ። ቤት ሲገባ ሚስቱ «እንዴት ነበር?» አለችው። «ጥሩ ነበር» አላት። ውሸት አልነበረም፤ አንድ ገጽ ያህል ጥሩ ነበር።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ሚስቱ ከእህቶቿ ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተደርድራለች፤ ተኳሾቹም አንገታቸው በክራባት ታንቆ ከኋላቸው አሉ። እህቱ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ወጣች፣ እሱ ተከትሏት ወጥቶ በግራዋ በኩል ተቀመጠ።

ያን ቀን እንደ ተጫወተችው ተጫውታ አታውቅም። የሚያውቁት እንዲህ አሉ፤ እሱ ግን ሰምቶ እንደሆነ አያስታውስም። አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር በራሱ ውስጥ የሚዞረው። ‹ባልገልጥላትስ? አንዲት ገጽ፣ አንዲት ብቻ፣ ቁጭ ብዬ ብቀርስ?› ሐሳቡ ክፉ ነው፤ ክፉ መሆኑንም ያውቃል፤ ቢሆንም ጣፈጠው። እህቱ ትንፋሽ ሳበች፣ አገጯ ሰበር አለ፤ እሱ ገና እያሰበ ሳለ እጁ ገልጦ ተመልሶ ነበር። እጁ ከሱ ጋር አልተማከረም። እንዲያ እያለ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ገለጠላት።

ጭብጨባው አልቆም አለ። ሰው ተነሣ። እህቱ ሦስቴ ወጥታ ገባች፤ ከዚያ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችው።

«መጀመሪያ ኖታ ማንበብ ያስተማረኝ ወንድሜ ነው» አለች። «ይህች ሙዚቃ የሱ ናት። እነሆ አጠገቤ ነው።» በእጇ አመለከተችው። ሰዉ አጨበጨበለት። ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። በሦስተኛው ረድፍ ሚስቱ የእህቶቿን ክንድ ግራና ቀኝ ይዛለች። ከዚያ ተማሪዋ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች፤ ቀሚሷን ሰብስባ ግራው ላይ ተቀመጠች። እሱ ከኋላዋ ቆመ። ሚስቱ ግን ገና ቦታ እስኪለቀቅለት የምትጠብቅ ይመስል አንገቷን አስግጋ ታየው ነበር።

ወፍራሙ ድምፅ ብቻውን መጣ። በተማሪዋ ጣቶች ሥር ንጹሕ ነበር፣ ገና ታጥቦ እንደ ተሰቀለ፣ ማንም ለብሶት እንደማያውቅ ሸሚዝ። አንዲት ስሕተት የለበትም። የእህቱ ድምፅ ከላይ ጠብ ሲል የሱ ጎን ክርን ጠበቀ። አገጯ ሰበር አለ። ገለጠ።

ሲያልቅ ሚስቱ አላጨበጨበችም። ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መድረኩን ትኩር ብላ ታይ ነበር። ይህንም አየ።

ሰው ወጥቶ አለቀ። ከበር ውጭ ሚስቱ፣ እህቶቿና ተኳሾቹ ይጠብቁታል፤ ምን እንደሚላቸው ገና አላወቀም። ኮቱን የሰቀለው መድረኩ ጀርባ ነበርና ሊያመጣ ተመለሰ። እህቱ አሁንም ፒያኖው ፊት ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃለች፤ እግሯ አብጧል። አበባው ሁሉ መሬት ላይ ተከምሯል። ስታየው ወረቀቱን አጠፈችና ወንበሩ ሥር አስቀመጠችው።

«ሰው የለም» አለች። «ወረቀትም የለም። ና ጋሼ፤ አሁን እንጫወታት።»

ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

ቦታውን አየ። አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የተመኛት ያቺው ስንዝር እንጨት ናት፤ አሁን ማንም ሳይቀመጥባት ባዶዋን ትጠብቀዋለች። እግሩ ወደሷ ሊሄድ ፈለገ፤ ጣቶቹም ፈለጉ። ክርኗን ፈለገ፣ ጸጉሯን፣ ጨርሰው ተያይተው ዝም የሚሉትን ዝምታ ፈለገ። ከመድረኩ በታች ግን መቀመጫዎቹ በረድፍ በረድፉ ታጥፈው አፋቸውን ዘግተዋል። ብቻቸውን መጫወትማ እቤትም ይችሉ ነበር። ብቻቸውን ሲሆኑማ እሱ ድሮም ጎበዝ ነበር።

«ጋሼ፣ ተቀይመኸኛል?»

ኮቱን አነሣ። አንደኛውን እጅጌ አጠለቀ፣ ሁለተኛውን ለማግኘት ጊዜ ፈጀበት። በመድረኩ ደረጃ ወርዶ በወንበሮቹ መሃል ወደ በሩ ሄደ። ከኋላው እህቱ ግራ እጇን ዘርግታ የሱን ድርሻ፣ የመጀመሪያዎቹን ወፍራም ድምፆች፣ ዝግ ብላ ነካችና ቀጣዩን ለሱ ትታ ቆመች። ጠበቀች።

«እየሰማኸኝ ነው?» አለች።

እየሰማት ነበር። በሩን በትከሻው ገፍቶ ወጣ።